የአልቃሿ የጃዝ ምሽት

እልፍነሽ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ከዘፋኝነቷ ስለሚጀምርና ስለሚያናድደኝ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጃጁራ ትወርዳለች፤ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሆሳዕና ታመጣለች፤ ቅቤ ተራ ውስጥ ከሌላዋ ቅቤ ነጋዴ ከአሰገደች ፊት ለፊት ተቀምጣ ትሸጣለች። ከአሰገደች ጋር አይነጋገሩም። ጠባቸው የተነሳው በአንድ ደንበኛ ነው ይባላል፤ ደንበኛው ከሞተ በኋላም አልታረቁም።

የቀረውን ጊዜዋን ታለቅሳለች። ለራሷ አይደለም፣ ለሌላ ሰው ነው። በከተማችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ቀጥሎ እልፍነሽ ትጠራለች። ድምፅዋ እንደ ወንድ ድምፅ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው። እንደ ሌሎቹ አልቃሾች አትጮህም። ለሹፌር ስታለቅስ መኪናውን ታነሳለች፤ ለገበሬ ስታለቅስ በሬዎቹን በየስማቸው ትጠራለች። በሀዲይኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች። አባቴ ከሰሜን የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ እኔ ሀዲይኛውን የምሰማው በግማሽ ነው፤ ባልገባኝ ግማሽ ላይም አልቅሻለሁ። በቀላሉ የማለቅስ ሰው ሆኜ አይደለም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሙሽራውን ነጭም የሐዘንተኛውን ጥቁርም በአንድ መርፌ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ያን ዓመት፣ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ማለት ነው፣ መርዶ በዝቶ ነበር። ልጆቻችን በብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ሰሜን ግንባር ናቸው። ሩቅ አገር የሞተ ሰው ወሬው እንደ ደረሰ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ዘመድ ከየአገሩ ይጠራል፣ የእድሩ ድንኳን ከተከመረበት ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በእኛ አገር እርጥበት ካላሰጡት ይሸታል። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይሄድና ሽማግሌው ይናገራል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አገር ያውቃል፣ ባለቤቱ አያውቅም። ሽማግሌው ቃሉን እንደ ጨረሰ ከኋላ የቆመችው እልፍነሽ ድምፅዋን ታነሳለች። ሐዘንተኛው ያንን ድምፅ ይዞ ያለቅሳል። ድምፅዋ ባይኖር ስንቱ ደርቆ ይቀር ነበር።

የእድራችን ዳኛ አቶ ባፈና ናቸው። መርዶ ሲኖር በዋዜማው እልፍነሽ ቤት ጎራ ብለው የሟቹን ነገር ይነግሯታል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ማንን ትቶ እንደሄደ። እሷ ያንን ሌሊቱን ስታሰላስል አድራ ጠዋት ግጥም አድርጋ ትመጣለች። በዚያ ዓመት አቶ ባፈና ወደ እሷ ቤት ከመመላለሳቸው የተነሳ የግቢዋ ውሻ መጮህ ትቶላቸው ነበር። እኛም እንደ ውሻው ሆንን። መጀመሪያ የተጠራን ቀን ሱቁን ሁሉ ዘግተን እንውል ነበር፤ በኋላ ግን ተነስተን፣ ሄደን፣ አልቅሰን፣ ንፍሮ ቀምሰን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ከመብዛቱ የተነሳ ሐዘኑ ራሱ ዶለዶመ።

የእሷም ልጅ ብሩ እዚያው ግንባር ነበር። ባሏ ቦኖሻ በኩል ሥራ ሄዶ በወባ ከሞተ በኋላ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ስለ ብሩ አትናገርም። የሌላ ሰው ልጅ መርዶ ላይ ቆማ ስታለቅስ ግን አንዳንዴ ወደ መንገዱ ቀና ብላ ታያለች።

አሁን ወደ ጃዙ ልምጣ።

የአውራጃው ኪነት ኃላፊ ወንዳፈረው ይባላል። አዲስ አበባ በአንድ የጦር ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ሲነፋ የኖረ፣ አለቃውን ሰድቦ ወደ እኛ የተላከ ሰው ነው። ሆሳዕና ሲደርስ የኪነቱ ሀብት አንድ ድራም፣ አንድ ሳክስፎንና እኔ የምጫወተው አኮርዲዮን ነበር። አኮርዲዮኑ ሁለት ቁልፉ አይሠራም፤ እኔም ዘፈን አፈጥናለሁ ተብዬ እታማለሁ። «ቸኮል፣ ስምህን ለቤትህ ተወው!» እያለ ይጮህብኝ ነበር።

ይህ ሰው አንድ ቀን ለቅሶ ቤት እልፍነሽን ሰማት። ከድንኳኑ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«ይቺ ሴትዮ ጃዝ ናት» አለኝ።

«ቅቤ ነጋዴ ናት» አልኩት።

«አንድ ነገር ይዛ እየተመላለሰች ስትለዋውጠው አልሰማህም? ማን አስተማራት?»

«ሬሳው» አልኩት። አልሳቀም።

ቅቤ ተራ ድረስ ሄዶ ለመናት። እሷ ሳቀችበት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን፣ «የእድር ጥሩምባ ነው እንዴ የሚነፋው?» ብላ ሳክስፎኑን ለማየት መጣችና እዚያው ቀረች። ለሞተ ሰው ብቻ ስዘፍን ሰለቸኝ አለች። ሌላ ምክንያት ስትናገር አልሰማኋትም።

ሁለተኛዋ ድምፃዊት ጵርስቅላ ናት። የዱራሜ ልጅ ናት፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆና ተቀጥራ መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ ድምፅዋን የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታ ኪነት ገባች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ሽቅብ ይወጣል፤ ንጹሕ ነው። እሷ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ዝም ብላ ትቀመጣለች። «በእኛ ዘንድ ለሞተ ሰው አይጮህም እትዬ፣ ጌታ ጋ ነው የሄደው» አለቻት አንድ ቀን። እልፍነሽም፣ «ይሂድ፤ ግን እኮ የቀረነው እዚህ ነን» አለቻት።

ልምምዱ ቀበሌ አዳራሽ ነበር። ወንዳፈረው አንድ ዜማ ሠራ፤ ግጥሙን እልፍነሽ አወጣች። አንዷ አንድ ስንኝ ትላለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፤ በየዙሩ እየለወጡ ይሄዳሉ።

መንገዱ ረጅም ነው፣ ዝናቡም አይቆም፤
በሩን አልዘጋሁም፣ ይገባል ዛሬም።

ጵርስቅላ እንደ መዝሙር ከላይ ትጀምራለች። እልፍነሽ እጇን ታነሳና ታቆማታለች። «ዝቅ አድርጊው የኔ ልጅ፤ ከዚያ ላይ አልገባም።» ጵርስቅላ ዝቅ ታደርገዋለች፤ እልፍነሽ ትገባለች። በየልምምዱ ይህችው ናት። ከመለመዷ የተነሳ መቀለጃችን ሆነች፤ የባህል ጉዳይ ካድሬው መጥቶ ሲጮህብን እርስ በርስ «ዝቅ አድርጊው» እየተባባልን በአፍንጫችን እንስቃለን።

ካድሬው መጀመሪያ ጃዝ የሚባለውን ነገር ሊከለክል ነበር። የኢምፔሪያሊስቶች ሙዚቃ ነው አለ። ወንዳፈረው ቆቡን አውልቆ፣ «ጓድ፣ ጃዝ ማለት በአሜሪካ የተጨቆኑ ጥቁር ሕዝቦች እሮሮ ነው» አለው። ካድሬው ጥቂት አሰበና ፈቀደ። እንዲያውም ከክፍለ ሀገር እንግዶች ሊመጡ ስለነበር ዝግጅቱ ለእነሱ ይሁን ተባለ። በየግድግዳው «ታላቅ የጃዝ ካባሬ ምሽት፣ በሁለት ድምፃውያን» የሚል ተለጠፈ። ካባሬ ምን እንደሆነ የጠየቀ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። «ጠረጴዛ ይዘህ እየጠጣህ የምትሰማው ዘፈን ነው» እላለሁ። «እንደ ሠርግ?» ይሉኛል። «እንደ ሠርግ፣ ግን ሙሽራ የለም።»

ዝግጅቱ ለቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ዕለት ከድር ከሰሜን ተመለሰ።

ከድር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ስንቅ ጭነው ወደ ግንባር ከሚላኩት አንዱ ነበር። ሆስፒታል የተኛ አንድ የብሩ ጓደኛ አግኝቶ አነጋግሮታል። ብሩን በገዛ እጁ አፈር ያለበሰው ይኸው ጓደኛው ነው። ከድር መኪናውን እንኳ ሳያቆም በቀጥታ አቶ ባፈና ደጅ ሄደና ነገራቸው። ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ እስከ እሑድ ድረስ ከተማ ውስጥ አልታየም፤ እልፍነሽን እንዳያገኛት ፈርቶ።

አቶ ባፈና ኪነቱ ድረስ መጡና ወንዳፈረውን፣ ጵርስቅላንና እኔን ለብቻችን ጠርተው ነገሩን። ወንድሞቿ ከሞርሲቶ፣ የባሏ ዘመዶች ከጃጁራ ቅዳሜ ይገባሉ፤ መርዶው እሑድ ሲነጋ ነው አሉ።

«ቅዳሜ ማታ እንዴት ትዘፍናለች?» አልኳቸው። ተቆጥቼ ነበር።

«ካድሬው አይሰረዝም ብሏል። ለነገሩስ ቢሰረዝ ለምን ትልሃለች፤ ምን ልትላት ነው?» አሉኝ። «መርዶ አዳራሽ ውስጥ ከሰው አፍ አምልጦ እንዳትሰማ ብቻ አደራ። በወጉ፣ በቤቷ፣ ወገን ከቧት ትስማ። ይህንን እንኳ ለሷ ካላደረግን ምን እድር ነን?»

እውነታቸውን ነበር። ለስንቱ በወጉ ያለቀሰች ሴት፣ የራሷን መርዶ ቢራ በሚጠጣበት አዳራሽ እንድትሰማው ማን ይፈልጋል። ጵርስቅላ ግን፣ «እኔ መዋሸት አልችልም» አለች።

«ማን ዋሺ አለሽ? ዘፍኚ ነው ያልንሽ» አሏት አቶ ባፈና።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ የከተማው ጀነሬተር ተነሳ፤ መብራት መጣ። አዳራሹ ሞልቷል። ጠረጴዛዎቹን ለአብዮት በዓል ከተሰፋው ቀይ ጨርቅ በተረፈ አልብሻቸዋለሁ። እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል። ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን የመጣው ጃዝ ሊሰማ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል። ካባሬ ምን እንደሆነ እስከ ዓርብ ድረስ የማያውቀው ሁሉ ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ይዞ ተገኘ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል እንዲህ ነው።

እልፍነሽ እኔ የሰፋሁላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ጭብጨባው አልቆም አለ። ገና አንድ ቃል አልዘፈነችም። ሲያዩዋት ያጨበጭባሉ፤ ቀና ስትል ዓይናቸውን ብርጭቋቸው ውስጥ ይከታሉ። በሕይወታቸው ለዘፋኝ እጃቸውን አንስተው የማያውቁ የቤተ ክህነት ሰዎች ቆመው ያጨበጭባሉ። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ካድሬው ዞሮ፣ «የዚህ አገር ሕዝብ ለጃዝ ያለው ፍቅር ይገርማል» ሲለው ሰማሁ። ካድሬው ደረቱን ነፋ። አኮርዲዮኑን ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

የመጀመሪያው ክፍል እንዳለቀ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ሆነ። አሰገደች፣ ያቺ የቅቤ ተራ ባላንጣዋ፣ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ መጣችና እልፍነሽን በሁለት ጉንጯ ሳመቻት። ስማት ብቻ ተመለሰች። እልፍነሽ የተሳመውን ጉንጯን ይዛ ቆማ ቀረች።

ለእረፍት ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው የተሰበሩ ወንበሮች የሚከመሩበት ክፍል ገባን። ወንዳፈረውን እንግዶቹ ጠርተውት ሄደ። ሦስታችን ቀረን። ጵርስቅላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት እልፍነሽ።

«ጉንፋን ነው እትዬ።»

«ጉንፋን በዓይን አይወጣም የኔ ልጅ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አንተ ቸኮል፣ ዓርብ ዕለት በአቶ ባፈና ግቢ ሳልፍ የእድሩን ድንኳን አስጥተውት አየሁ።»

«ሻግቶ ይሆናል» አልኩ።

«ድንኳን ከተሰጣ መርዶ አለ። መርዶ ካለ አቶ ባፈና ቤቴ ይመጣሉ። ዓርብ ማታ ጠበቅኳቸው። ቡና እንኳ አፍልቼ ጠበቅኳቸው። አልመጡም። ዛሬ ጠዋትም ጠበቅኳቸው።»

ከእድሩ ሰው ሁሉ አንድስ እንኳ ይህን አላሰበም። የሞርሲቶ ዘመዶች በየትኛው መንገድ ይግቡ፣ የት ይደሩ፣ ከድር የት ይደበቅ ተብሎ ሲመከር ሲዘከር፣ መርዶ በመጣ ቁጥር ቀድማ የምትሰማው እሷ መሆኗን ሁላችንም ረሳን።

«ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማ ነበር» አለች። «እናንተ ደግሞ ከቀባሪው ደበቃችሁ።»

«እትዬ...» አለች ጵርስቅላ።

«ዝም በይ። አትንገሪኝ።» ቆጣ አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተመልሶ ረጋ። «ማንም እንዳይነግረኝ። ነገ አቶ ባፈና በአፋቸው እስኪነግሩኝ ድረስ ብሩ አልሞተም። ወጉ እንዲህ ነው። እኔም ስንቱን እናት ስትስቅ እያየሁ፣ ነገ እንደማስለቅሳት እያወቅሁ ሰላም ብያት አልፌያለሁ። ለእናት አንድ ቀን ነው የምንሰጣት፤ ለኔም አንድ ቀን ስጡኝ። ከነገ ጀምሮ ጥቁር ለብሼ ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ልቀመጥ ነው። ይቺን ዘፈን የብሩ እናት ሆኜ ልጨርሳት።»

ጵርስቅላ ከእግሯ ሥር ተንበርክካ፣ «እንዴት ቻልሽው? ምን ይሰማሻል?» አለቻት።

እልፍነሽ እንደ ማሰብ አለች። «ምንም። ጥርሴን ሊነቅሉኝ መርፌ የወጉኝ ቀን አፌ እንዲህ ሆኖ ነበር። ብነክሰው አያመኝም። ከዓርብ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ቅቤ ሸጥኩ፣ በላሁ፣ ተኛሁም።» የጵርስቅላን ፊት በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት፤ አዲሱን ቀሚስ። «አደራሽን አታልቅሺብኝ። አንቺ ካለቀስሽ እኔ አወቅሁ ማለት ነው።»

በሩ ተንኳኳ። ወንዳፈረው ነበር፤ ተነሱ አለን።

ሁለተኛው ክፍል ያቺ ዘፈን ናት። ወንዳፈረው ከሥር ለስለስ አድርጎ ጀመረ። እኔ አላፈጠንኩም፤ እጄ ከብዶኝ እንዲያውም ወደ ኋላ እቀር ነበር። ጵርስቅላ ዓይኗን ጣሪያው ላይ በተንጠለጠለው አምፖል ላይ ተክላ፣ ሳይነግሯት ዝቅ አድርጋ፣ «መንገዱ ረጅም ነው» አለች። እልፍነሽ ገባች። እየተቀባበሉ ሄዱ። አንዷ ዝናቡን ትለዋለች፣ አንዷ ጭቃውን፤ አንዷ መንገዱን ታስረዝማለች፣ ሌላዋ ታሳጥረዋለች። ወንዳፈረው ለወራት ሲጮህበት የነበረው ነገር ያን ዕለት ያለ ጩኸት መጣ።

ሦስተኛው ዙር ላይ እልፍነሽ «በሩን አልዘጋሁም፣ ይገባል ዛሬም» ስትል ከአዳራሹ ኋላ አንድ ሰው «ወይኔ!» ብሎ ጮኸ። አሰገደች ነበረች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳም ድምፁ ይወጣል። አዳራሹ ቀጥ አለ። አቶ ባፈና ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እንግዶቹ ዞረው ያያሉ። አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ሁሉም ነገር እዚያው ይፈሳል። የወንዳፈረው ሳክስፎን ተቋረጠ፤ ድራሙም ቆመ።

እልፍነሽ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች። «ለአሰገደች ጠጅ የቀዳላት ማነው?» አለች፤ ሳቅ አለች ደግሞ። «ጠጅ አይሆንላትም፤ ቅቤ ተራ ተጠይቆ ነው የሚቀዳላት።»

እንግዶቹ ሳቁ። ካድሬው ሳቀ። ከዚያ ሕዝቡም ሳቀ፤ ያ ሁሉ ሰው እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ሳቀ። አሰገደች እንኳ አንገቷን እየነቀነቀች፣ «እውነቷን ነው፣ ጠጁ ነው» አለች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ከዚያም በኋላ ባልሰማ እመርጣለሁ። እልፍነሽ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ቀጥል ማለቷ ነው። አኮርዲዮኑን ሳብኩት። ጵርስቅላ ዓይኗን ከአምፖሉ አልነቀለችም። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ሄደና አለቀ።

የሰዓት እላፊ ስላለ ማንም አልዘገየም። እኔና ጵርስቅላ እልፍነሽን እስከ ደጇ ሸኘናት። ማይክሮፎን ላይ ስለቀለደችው ቀልድ፣ ስለ ጫማዋ መጥበብ፣ ስለ ጃጁራ ቅቤ መወደድ አወራች። በሩን ከፈተችና ዞር አለች።

«ደህና እደሩ» አለችን። «ነገ እንዳትቀሩ።»

ሊነጋጋ ሲል ተሰበሰብን። የሞርሲቶ ወንድሞቿ፣ የጃጁራ ዘመዶች፣ የእድሩ ሰው፣ ከድር ከሁሉም ኋላ አንገቱን ደፍቶ። ጵርስቅላ ከእኔ ጎን ነበረች። ድንኳኑን አራት ሰዎች ተሸክመውታል። አቶ ባፈና ሊያንኳኩ እጃቸውን አንስተው ተዉት፤ በሩ ክፍት ነበር። ግቢው ተጠርጓል፣ ወንበርና ጠረጴዛው ወደ ጓሮ ወጥቷል፣ ለለቀስተኛ መቀመጫ ምንጣፍ ተነጥፏል። እልፍነሽ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ነጠላዋን ታጥቃለች።

አቶ ባፈና ያን ዓመት ስንቱን እንዳረዱ እግዜር ይቁጠረው። ያን ጠዋት ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «እልፍነሽ» አሉ፣ ደግመው ጠረጉ። «ልጃችን ብሩ ለአገሩ... ብሩ አርፏል። እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

«እሺ አቶ ባፈና» አለች።

አላለቀሰችም፣ ደረቷን አልደቃችም። የከተማው ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ያን ጊዜ ዞር ብለን ወደ ኋላ አየን። ልማድ ነው፤ ቃሉ ካለቀ በኋላ ድምፁ ከኋላ ነው የሚመጣው። ከኋላ እልፍነሽ ትቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነበር። እልፍነሽ ፊት ለፊታችን ተቀምጣለች።

ማንም አልጀመረም። አሰገደች ሞከረች፤ ድምፅዋ ማታ አዳራሽ ቀርቷል። ወንድሞቿ አንገታቸውን ደፉ። ከድር ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። እልፍነሽ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ስንቱን ከድንጋጤ አውጥታ ያስለቀሰች ሴት እዚያው ደርቃ ልትቀርብን ነበር፤ እኛም ቆመን እናያታለን። በሕይወቴ እንደዚያን ጠዋት ከንቱ ሆኜ አላውቅም።

ጵርስቅላ ከጎኔ ሄደች። ለሞተ ሰው አይጮህም የምትለው ልጅ ሕዝቡን ገፍታ ገባችና እልፍነሽ ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ለቅሶ አታውቅም። የምታውቀውን ጀመረች፤ ከላይ፣ እንደ መዝሙር፣ ሊሰበር በሚደርስ ቀጭን ድምፅ።

መንገዱ ረጅም ነው፣ ዝናቡም አይቆም...

እልፍነሽ እጇን አነሳች።

«ዝቅ አድርጊው የኔ ልጅ» አለች። «ከዚያ ላይ አልገባም።»

ጵርስቅላ ዝቅ አደረገችው። እልፍነሽ ገባች።

በሩን ዝጉት እንግዲህ፣ አይመጣም ዛሬም።